ካርል ቦሽ እና የኦፓው ክምር

የታላላቅ መሐንዲሶች የሕይወት ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ጸሐፊው ዘወትር የሚያተኩረው በፈጠራው ሰዓት ላይ ነው። ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲንቀሳቀስ፣ ድልድዩ የመጀመሪያውን ጭነት ሲሸከም፣ ከቱቦው ጫፍ የተጠበቀው ፈሳሽ ሲንጠባጠብ ታሪኩ ከፍጻሜው የደረሰ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ፣ ይኸውም ምርቱን ማድረቁ፣ ማቀዝቀዙ፣ ማከማቸቱና ማጓጓዙ፣ የመጋዘን ሠራተኛ ጉዳይ ተደርጎ ስለሚቈጠር በመጻሕፍት ውስጥ ብዙ ስፍራ አይሰጠውም። የጀርመናዊው መሐንዲስና ኬሚስት የካርል ቦሽ ሕይወት ግን በዚህ መንገድ ተተርኮ ሊያበቃ አይችልም። ይህ ሰው ከምንተነፍሰው አየር ናይትሮጂንን ወስዶ ማዳበሪያ የሚያደርገውን ኢንዱስትሪ ያቋቋመ፣ በዚህም ሥራው የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ነው። ሆኖም በሥራ ዘመኑ የደረሰበት እጅግ ከባድ መከራ የመጣው አደገኛ ነው ተብሎ ሲፈራ ከኖረው ከከፍተኛ ግፊት ጋን አልነበረም። የመጣው በመጋዘን ውስጥ ተከምሮ ከተጓጎለ ማዳበሪያ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት፣ ዓ.ም. ተብሎ ከተመለከተው በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እናሳስባለን።

ትውልድና ትምህርት

ካርል ቦሽ በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ነሐሴ 27 ቀን 1874 ተወለደ። አባቱ የጋዝና የውሃ ቧንቧ ዕቃዎችን የሚነግዱ ሰው ነበሩ። በመኪና የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ስሙ የታወቀው ሮበርት ቦሽም አጐቱ ነበር። ልጁ ከቱቦ፣ ከብሎንና ከመበየጃ ጋር ያደገ ስለ ሆነ እጁ ገና በለጋነቱ ብረት ለመደ። ትምህርት ቤት ከጨረሰ በኋላም በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመግባት ይልቅ በሲሌዥያ በሚገኝ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ አንድ ዓመት ያህል በተለማማጅነት ሠራ።

ቀጥሎም በበርሊን አጠገብ በሻርሎተንቡርግ በሚገኘው የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የብረታ ብረትና የመካኒካል ምሕንድስና ትምህርት ተከታተለ። በ1896 ወደ ላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ኬሚስትሪ አጠና፤ በ1898ም የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ። ኬሚስትሪና ምሕንድስና በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው በዚያ ዘመን እምብዛም የተለመደ አልነበረም። ኬሚስቱ ከብርጭቆ ዕቃው፣ መሐንዲሱ ከብረቱ ሳይርቅ፣ ሁለቱ በደብዳቤ ብቻ እየተገናኙ ይሠሩ ነበር። ቦሽ ግን ሁለቱንም ቋንቋ ይናገር ነበርና በኋላ የሠራው ሥራ ሁሉ ከዚህ ድርብ ዕውቀት የመነጨ ነው ማለት ይቻላል።

በ1899 በሉድቪግስሃፈን ከተማ የሚገኘው ባስፍ የተባለው ታላቅ የቀለምና የኬሚካል ኩባንያ ቀጠረው። በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ሊቃውንትን ያሳስብ የነበረው ጉዳይ የናይትሮጂን ነገር ነበር። ሰብል ያለ ናይትሮጂን አያድግም። የአየሩ አራት አምስተኛ ያህል ናይትሮጂን ቢሆንም ተክል በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም። አውሮፓ ለእርሻዋ የሚሆነውን ናይትሬት በአብዛኛው ታመጣ የነበረው ከደቡብ አሜሪካ፣ ከቺሊ በረሃ ነበርና ያ ክምችት ሲያልቅ ሕዝቡ ምን ይበላል የሚለው ጥያቄ የዘመኑ ሥጋት ሆኖ ነበር።

በ1900 እውቁ ኬሚስት ቪልሄልም ኦስትቫልድ ናይትሮጂንና ሃይድሮጂንን በጋለ ብረት ላይ በማሳለፍ አሞኒያ አገኘሁ ብሎ ለኩባንያው አስታወቀ። ነገሩን እንዲመረምር የታዘዘው ገና ጀማሪ የነበረው ቦሽ ነው። ሙከራውን ደጋግሞ ከሠራ በኋላ የተገኘው አሞኒያ ከአየር የመጣ ሳይሆን ብረቱ ቀድሞ በውስጡ ይዞት ከነበረው ናይትሮጂን የወጣ መሆኑን አረጋገጠ። ኦስትቫልድም በመጀመሪያ በወጣቱ ላይ ቢቈጣም ኋላ ግን የማመልከቻውን ነገር ተወው። አንድ ሙከራ ጥሩ ውጤት ስላሳየ ብቻ ሊታመን እንደማይገባው፣ ውጤቱ ከየት እንደ መጣ መታወቅ እንዳለበት ቦሽ ገና በሃያ ስድስት ዓመት ዕድሜው ለሌሎች አስተማረ። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ እንዲይዘው ያስፈልጋል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ተመልሰን እናገኘዋለንና።

ከጠረጴዛ ላይ ወደ ፋብሪካ

በ1909 የበጋ ወራት በካርልስሩኸ የሚሠራው ፍሪትስ ሃበር ከናይትሮጂንና ከሃይድሮጂን በከፍተኛ ግፊትና በከፍተኛ ሙቀት አሞኒያ እየተንጠባጠበ ሲወጣ ለባስፍ ሰዎች አሳየ። መሣሪያው በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ነገር ነበር። ይህን ወደ ፋብሪካ የመለወጡ ኃላፊነት የተጣለው በቦሽ ላይ ነው። ሥራው የሚጠይቀው ግፊት ወደ 200 አትሞስፌር፣ ሙቀቱም ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያላነሰ ነበር። እንዲህ ያለውን ግፊትና ሙቀት አጣምሮ ቀንና ሌሊት የሚሸከም የፋብሪካ መሣሪያ በዓለም ላይ አልነበረም።

ሦስት ችግሮች በፊቱ ተደቀኑ። የመጀመሪያው ርካሽና ንጹሕ ሃይድሮጂን ማግኘት ሲሆን ይህን ከኮክ ከሰልና ከእንፋሎት በማውጣት ፈታው። ሁለተኛው ሃበር የተጠቀመባቸው አፋጣኝ ንጥረ ነገሮች፣ ማለትም ኦስሚየምና ዩራኒየም፣ በቀላሉ የማይገኙ መሆናቸው ነበር። አልቪን ሚታሽ የተባለው የሥራ ጓደኛው በሺህ የሚቈጠሩ ቅልቅሎችን ከሞከረ በኋላ ጥቂት የአሉሚኒየም ኦክሳይድና የፖታሲየም ተጨማሪ ያለበት ብረት እንደሚበቃ አገኘ።

ሦስተኛው ችግር ከሁሉ የከፋ ነበር። በ1911 የመጀመሪያዎቹ የአረብ ብረት ቱቦዎች 80 ሰዓት ያህል ከሠሩ በኋላ ፈነዱ። ቦሽ የፈነዳውን ብረት ቈርጦና አለስልሶ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ሃይድሮጂኑ ወደ ብረቱ ውስጥ ዘልቆ ገብቶ ብርታት የሚሰጠውን ካርቦን እየበላ ብረቱን ተሰባሪ እንዳደረገው ተረዳ። መፍትሔውም የሚያስደንቅ ቀላልነት ያለው ነበር። ከውስጥ ካርቦን የሌለበት ለስላሳ ብረት አለበሰው፤ ይህም ሃይድሮጂን ቢያልፍበትም አይጎዳም። ከውጪ ያለውና ግፊቱን የሚሸከመው የአረብ ብረት ጋን ደግሞ በትናንሽ ቀዳዳዎች እንዲበሳ አደረገ። ሾልኮ የመጣው ሃይድሮጂን በቀዳዳዎቹ በኩል ወደ ውጪ ይወጣልና ጋኑን የመጉዳት ጊዜ አያገኝም። ቦሽ ጠላቱን በኃይል ለማገድ አልሞከረም፤ መውጫ በር ሠራለት እንጂ።

በሉድቪግስሃፈን አጠገብ በኦፓው መንደር የተሠራው ፋብሪካ በመስከረም 1913 ሥራ ጀመረ። ከአንድ ዓመት በኋላ የዓለም ጦርነት ተነሣ። የእንግሊዝ የባሕር ኃይል የቺሊን መንገድ ስለዘጋ ለእርሻ የታሰበው አሞኒያ ወደ ናይትሪክ አሲድ፣ አሲዱም ወደ ፈንጂ ተለወጠ። በ1917 በሎይና የተሠራው ሁለተኛ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ስለዚህ የቦሽ ሥራ ከመጀመሪያው ሁለት ገጽ ነበረው፤ የሚያበላውና የሚገድለው ንጥረ ነገር ከአንድ ቱቦ ይቀዳ ነበር። ሰላም ሲሆን በ1919 ቦሽ የባስፍ ኩባንያ የበላይ መሪ ሆነ፤ ኦፓውም ወደ ማዳበሪያ ምርት ተመለሰ።

ክምሩ

በኦፓው ይመረቱ ከነበሩት ማዳበሪያዎች አንዱ የአሞኒየም ሰልፌትና የአሞኒየም ናይትሬት ቅልቅል ነበር። አሞኒየም ናይትሬት ብቻውን ብዙ ናይትሮጂን ቢይዝም እርጥበት አጥብቆ ይስባል፤ ሊፈነዳም ይችላል። ከሰልፌት ጋር ሲደባለቅ ሁለቱም ጠባዮቹ ይለዝባሉ ተብሎ ይታመን ነበር። ናይትሬቱ ከ60 በመቶ ካልበለጠ ቅልቅሉ አይፈነዳም የሚለው አስተያየትም በሙከራ የተደገፈ መስሎ ታየ።

ቅልቅሉ ግን አንድ ክፉ ጠባይ ነበረው፤ ተከምሮ ሲቈይ ይጓጎላል። ገበሬው የሚፈልገው በመጸውና በጸደይ ሲሆን ፋብሪካው የሚያመርተው ዓመቱን ሙሉ ስለ ነበር ምርቱ ለወራት መከማቸት ነበረበት። ቁጥሩ 110 የሆነው የኦፓው መጋዘን በዚያን ጊዜ 4,500 ቶን ያህል ይዞ ነበር። የክምሩ ክብደት ራሱን በራሱ እየተጫነ ማዳበሪያውን ወደ ድንጋይነት ለወጠው።

መጓጎል ማለት ምን እንደ ሆነ በዚህ ቦታ በጥቂቱ ማስረዳት ይገባል። በክረምት ወራት በቤታችን የተቀመጠ ጨው አየሩ ሲርስ እንደሚያልብ፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ደርቆ አንድ ጓል እንደሚሆን የማያውቅ የለም። የማዳበሪያም ነገር እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ጨው እርጥበት መሳብ የሚጀምርበት የራሱ የአየር እርጥበት ወሰን አለው። በ30 ዲግሪ ሙቀት የአሞኒየም ናይትሬት ወሰን 59 በመቶ፣ የዩሪያ 73 በመቶ፣ የአሞኒየም ሰልፌት 79 በመቶ ገደማ ነው። አየሩ ከዚህ ሲያልፍ የቅንጣቱ ገጽ በስሱ ይሟሟል። አየሩ ሲደርቅ ወይም ክምሩ ሲቀዘቅዝ የሟሟው ጨው ሁለት ቅንጣቶች በሚነካኩበት ነጥብ ላይ እንደገና ክሪስታል ሆኖ ይቀራል። ይህ ክሪስታል በሁለቱ መካከል እንደ ድልድይ ያያይዛቸዋል። አንዱ ድልድይ ደካማ ነው፤ በአንድ ክምር ውስጥ ያሉት ድልድዮች ግን ሊቈጠሩ አይችሉም።

አቧራም የዚህ ችግር ወንድም ነው። ቅንጣቱ በተሰባበረ መጠን የሚነካካበት ነጥብ ይበዛል፤ ብናኙም በትልልቆቹ ቅንጣቶች መካከል ገብቶ እንደ ሲሚንቶ ይሞላል። አሞኒየም ናይትሬት በተለይ 32 ዲግሪ ላይ የክሪስታሉ አቀማመጥ ስለሚለወጥና ይዘቱም ስለሚለዋወጥ፣ ቀን እየሞቀ ሌሊት እየቀዘቀዘ በሄደ ቍጥር ቅንጣቱ ይሰነጣጠቃል፤ በመጨረሻም ወደ ዱቄትነት ይለወጣል። ስለዚህ አቧራው ጓልን ይወልዳል። ጓሉ በኃይል ሲሰበር ደግሞ መልሶ አቧራን ይወልዳል።

የኦፓው ሠራተኞች ጓሉን በመቈፈሪያ ማፍረስ አልቻሉም። ከሥር የቈፈረ ሰው ክምሩ ተንዶ ሊቀብረው ይችላል። በዚህም ምክንያት ክምሩን እየሰረሰሩ በቀዳዳው ውስጥ ትንሽ ድማሚት እየጨመሩ ማላላት ተለመደ። ዘዴው የኋላ ዘመን ሰው ሲሰማው እብደት ይመስለዋል። ይሁን እንጂ በሙከራ የተደገፈ ነበር፤ ከ20,000 ጊዜ የማያንስ ድማሚት በዚህ ዓይነት እንደ ተተኰሰ ይገመታል። አንድም ጊዜ ማዳበሪያው ራሱ አልፈነዳም።

ማስጠንቀቂያ ግን አልጠፋም ነበር። በሐምሌ 26 ቀን 1921 በላይኛው ሲሌዥያ በክሪቫልድ የባቡር ጣቢያ በፉርጎ ውስጥ የተጓጎለ አሞኒየም ናይትሬት በፈንጂ ሊያላሉ ሲሞክሩ ጭነቱ ፈንድቶ 19 ሰዎች ሞቱ። ያ ንጹሕ ናይትሬት ነው፣ የኛ ግን ቅልቅል ነው የሚል መልስ ሊሰጥ ይቻል ነበር።

መስከረም 21 ቀን 1921

ከክሪቫልድ በኋላ ሁለት ወር አልሞላም። መስከረም 21 ቀን 1921 ከጠዋቱ 7 ሰዓት ተኩል በአገሩ አቈጣጠር፣ በመጋዘን 110 እንደ ልማዱ ድማሚት ተተኰሰ። ወዲያውም ሁለት ፍንዳታዎች በተከታታይ ተሰሙ። ከ4,500 ቶኑ ውስጥ የፈነዳው ከዐሥር አንዱ ያህል ብቻ እንደ ሆነ ይገመታል። ይህ ጥቂት ክፍል መጋዘኑ በቆመበት ስፍራ ርዝመቱ ከ100 ሜትር በላይ፣ ጥልቀቱ ወደ 20 ሜትር የሚጠጋ ጕድጓድ ትቶ ሄደ። ድምፁ በ300 ኪሎ ሜትር ርቀት በምትገኘው በሙኒክ ተሰማ። ከኦፓው ቤቶች ከአምስቱ አራቱ ያህል ፈረሱ ወይም ከጥቅም ውጪ ሆኑ። የሞቱት ሰዎች ከ500 በላይ ሲሆኑ በብዛት የሚጠቀሰው ቍጥር 561 ነው። ወደ 2,000 የሚጠጉ ቈሰሉ፤ በሺህ የሚቈጠሩ ሌሎች ያለ መጠለያ ቀሩ።

ክምሩ አጠገብ ከነበሩት መካከል በሕይወት የተረፈ ምስክር ስላልነበረ መርማሪዎቹ የመጨረሻውን ምክንያት በእርግጠኝነት ሊወስኑ አልቻሉም። በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ግን አንድ ነገር ጐልቶ ታየ። በ1921 መጀመሪያ ላይ ፋብሪካው ማዳበሪያውን የሚያደርቅበትን መንገድ ለውጦ ትኩሱን የጨው ውሃ በመርጨት ማድረቅ ጀምሮ ነበር። በዚህ ለውጥ ምክንያት የማዳበሪያው እርጥበት ከ4 በመቶ ወደ 2 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ቅንጣቱም የደቀቀና የላላ ሆነ። ናይትሬቱ በክምሩ ውስጥ በእኩል እንዳልተሠራጨ፣ በአንዳንድ ስፍራ ከታሰበው በላይ በዝቶ እንደ ነበርም ይታመናል። የደረቀ፣ የላላና ናይትሬት የበዛበት ክፍል በቀላሉ ይፈነዳል። እንግዲህ ሃያ ሺው ድማሚት የተተኰሰው በአንድ ዓይነት ማዳበሪያ ላይ ሲሆን የመጨረሻው የተተኰሰው በሌላ ዓይነት ላይ ነበር። ስሙ አልተለወጠም፤ ቀለሙም አልተለወጠም፤ መጋዘኑም ያው ነው። ነገሩ ግን ተለውጦ ነበር።

በ1900 የኦስትቫልድን ሙከራ የመረመረው ወጣት ውጤቱ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀውን ጥያቄ፣ በ1921 ስለ ክምሩ የጠየቀ ሰው አልተገኘም። ቦሽ በዚያን ጊዜ ሺህ ሠራተኞችን የሚመራ፣ ከድል አድራጊዎቹ መንግሥታት ጋር ስለ ፋብሪካዎቹ ዕጣ ሲደራደር የቈየ ትልቅ ሰው ነበር። የመጋዘኑ ነገር ከእርሱ ጠረጴዛ በጣም ሩቅ ነበር። ይህን የምንለው ለመክሰስ አይደለም። አእምሮው ለ200 አትሞስፌር ግፊት ነቅቶ ይጠብቅ የነበረ ድርጅት ለአንድ አትሞስፌር ክምር ያንኑ ጥንቃቄ እንዳልመደበ ለማመልከት ነው።

በቀብሩ ሥነ ሥርዓት ላይ በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት የተናገረው ቦሽ ነበር። ለሚሊዮኖች እንጀራ እንዲሆን የታሰበው ነገር በማይታወቅ ምክንያት ጨካኝ ጠላት ሆኖ መነሣቱን በሐዘን ገለጸ። ከዚያ በኋላ ለወራት ታሞ ከሥራ እንደ ራቀ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይናገራሉ። ፋብሪካው ግን ካርል ክራውኽ በተባለው ኬሚስት መሪነት በሦስት ወር ገደማ ውስጥ እንደገና ሥራ ጀመረ።

ከጕድጓዱ በኋላ የተገኘው ትምህርት

በ1922 በዚያው በኦፓው ሌላ ሥራ ተጀመረ። ቦሽና ቪልሄልም ማይዘር አሞኒያን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር በግፊት በማዋሐድ ዩሪያ የሚሠራበትን ዘዴ ለኢንዱስትሪ አበቁት። ዛሬ በመላው ዓለም፣ በአገራችንም ማሳ ላይ የሚበተነው ነጩ ዩሪያ የዚህ ዘዴ ልጅ ነው። ዩሪያ እንደ አሞኒየም ናይትሬት የሚፈነዳ አይደለም። መጓጎልን በተመለከተ ግን ከዘመዶቹ የተሻለ ጠባይ የለውም።

ዓለም ከኦፓው ሁሉን ወዲያው አልተማረም። በ1942 በቤልጅግ አገር በቴሰንደርሎ የተጓጎለ የአሞኒየም ናይትሬት ክምር አሁንም በፈንጂ ሊላላ ተሞክሮ ከ180 በላይ ሰዎች ሞቱ። በ1947 ደግሞ በአሜሪካ በቴክሳስ ሲቲ ወደብ የደረሰው አደጋ ሌላ ገጽ አሳየ። በዚያ አሞኒየም ናይትሬቱ እንዳይጓጎል በሰምና በፔትሮሊየም ቅባት ተለብጦ ነበር፤ በሞቀበት ጊዜም በወረቀት ከረጢት ታሽጎ ተጫነ። በመርከቡ ላይ እሳት ሲነሣ ልባጡ ራሱ ነዳጅ ሆነለት። ግራንካምፕ የተባለው መርከብ 2,300 ቶን ያህል ጭኖ ፈነዳ፤ የሞቱትም ከ500 በላይ ናቸው። በኦፓው ጓልን ለማፍረስ የተወሰደው እርምጃ ገደለ፤ በቴክሳስ ሲቲ ጓልን ለመከላከል የተጨመረው መድኃኒት ለመግደል ረዳ።

ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የተደረሰበት ማጠቃለያ ጓል መፍትሔ የሚያገኘው ከመጋዘኑ ሳይሆን ከፋብሪካው ውስጥ ነው የሚል ነው። መጀመሪያ ማዳበሪያው በሚገባ መድረቅ አለበት። ቀጥሎ ከመከመሩ በፊት መቀዝቀዝ ይገባዋል፤ ትኩስ ሆኖ የተከመረ ማዳበሪያ እርጥበቱን ከመሐል ወደ ዳር እያሰደደ ራሱን በራሱ ይጓጉላልና። ሦስተኛ ቅንጣቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር የሚሆን ክብና ጠንካራ እንክብል እንዲሆንና ብናኙ በወንፊት ተለይቶ ወደ ሥራው እንዲመለስ ያስፈልጋል። ለዩሪያ ጥቂት ፎርማልዴሃይድ የሚጨመረው፣ ለአሞኒየም ናይትሬት ማግኒዚየም ናይትሬት የሚጨመረው እንክብሉ እንዲጠነክርና እንዳይሰነጣጠቅ ነው። በመጨረሻም ገጹ በደቀቀ የሸክላ አፈር ወይም በአንድ ቶን ከ1 እስከ 2 ኪሎ ግራም በሚሆን የቅባትና የአሚን ልባጥ ይሸፈናል። ይህ ልባጥ እርጥበትን ያዘገያል፤ ድልድዮቹን ያደክማል፤ ብናኙንም በቅንጣቱ ላይ አጣብቆ አቧራን ያስቀራል። ነገር ግን የተቃጣይ ልባጥ መጠን በናይትሬት ላይ በጥብቅ እንዲወሰን ቴክሳስ ሲቲ አስተምሯል። አሞኒየም ናይትሬትም ከኖራ ድንጋይ ዱቄት ጋር ተደባልቆ እንዲመረት የተደረገው አደጋውን ለመቀነስ ነው።

እነዚህ ሁሉ የቦሽን የቀዳዳ ጋን ያስታውሳሉ። እርጥበቱ በኃይል አይታገድም፤ ጓሉም በኃይል አይሰበርም። ችግሩ ከመነሻው እየተጠና መንገዱ ይቀየሳል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1925 ባስፍና ሌሎች የጀርመን ኬሚካል ኩባንያዎች ተዋሕደው ኢ.ገ. ፋርበን የተባለውን ግዙፍ ድርጅት ሲመሠርቱ የመጀመሪያው መሪ ቦሽ ሆነ። በ1931 በከፍተኛ ግፊት ኬሚስትሪ ላይ ስላደረገው ሥራ ከፍሪድሪኽ ቤርጊዩስ ጋር የኖቤልን የኬሚስትሪ ሽልማት ተቀበለ። መሐንዲስ ለምሕንድስና ሥራው ይህን ሽልማት ሲያገኝ ያልተለመደ ነበር።

ከ1933 በኋላ ያለው ዘመኑ ግን ብርሃንና ጥላ የተቀላቀሉበት ነው። የሚመራው ድርጅት ለናዚ ፓርቲ የምርጫ ገንዘብ ሰጠ። በታኅሣሥ 1933ም ከከሰል ለሚሠራው ቤንዚን ከአዲሱ መንግሥት የዋጋ ዋስትና ተቀበለ። በሌላ በኩል ቦሽ የአይሁድ ተወላጅ ሊቃውንት ከሥራቸው መባረራቸውን ተቃወመ፤ ጉዳዩንም በሂትለር ፊት አንሥቶ በቍጣ እንደ ተመለሰ ይነገራል። ከአገር የወጣው ሃበር በ1934 በስደት ሞተ። ከአንድ ዓመት በኋላ ማክስ ፕላንክ ባዘጋጀው የመታሰቢያ ስብሰባ ላይ መንግሥት ሠራተኞቹ እንዳይገኙ ሲከለክል ቦሽ ከባልደረቦቹ ጋር ተገኘ። በ1937 የካይዘር ቪልሄልም ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። ሆኖም ያቋቋመው ኢንዱስትሪ ለሌላ ጦርነት ሲዘጋጅ ማየቱ አእምሮውን አወከው፤ በመጠጥና በትካዜ ተጐዳ። ትርፍ ጊዜውን በነፍሳትና በማዕድናት ስብስቡ፣ በግሉ ባሠራው የከዋክብት መመልከቻም ያሳልፍ ነበር። ሚያዝያ 26 ቀን 1940 በሃይደልበርግ ሞተ። ድርጅቱ በአውሽቪትስ የሠራውን ግፍ ለማየት አልደረሰም፤ ግን የመሠረተው ድርጅት ነበር።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል

በዛሬው ዓለም ከሚኖረው ሕዝብ ግማሽ የሚያህለው የሚመገበው በሃበርና በቦሽ መንገድ የተሠራ ናይትሮጂን በበቀለ ሰብል እንደ ሆነ ይገመታል። ኢትዮጵያም ማዳበሪያዋን በጅቡቲ ወደብ በኩል ስታስገባ ኖራለች። የባሕሩ ጠረፍ ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ደጋው ቀንና ሌሊት የሙቀት ልዩነት አለው፤ ክረምቱም ዝናባም ነው። ለመጓጎል ከዚህ የተመቸ ጕዞ አይገኝም። የተጓጎለ ጆንያ በዱላ ሲደበደብ ከፊሉ አቧራ ሆኖ በነፋስ ይሄዳል፤ ከፊሉ ጓል ሆኖ በአንድ ቦታ ወድቆ ቡቃያውን ያቃጥላል። ገበሬው የከፈለበት ናይትሮጂን ግን ከማሳው ሙሉ በሙሉ አይደርስም። ጆንያዎቹን ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ መደርደር፣ የድርድሩን ከፍታ መወሰን፣ የውስጡ ላስቲክ እንዳይቀደድ መጠበቅ፣ ቀድሞ የገባውን ቀድሞ ማውጣት፣ እርጥብ ቀን የመጋዘኑን በር መዝጋት፣ እነዚህ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ የምሕንድስና ሥራዎች ናቸው።

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንዲያመርት የታቀደ ፋብሪካ ለመሥራት ስምምነት ተፈርሟል። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ሲታቀድ የሁላችንም ዓይን ወደ ግፊቱ ጋንና ወደ ታላላቆቹ መጭመቂያዎች መሄዱ አይቀርም። ማቀዝቀዣው፣ ወንፊቱ፣ የልባጡ ከበሮና መጋዘኑ በዕቅዱ መጨረሻ ገጽ ላይ ይቀመጣሉ፤ በጀት ሲጠብም መጀመሪያ የሚቀነሱት እነርሱ ናቸው። የማድረቂያው መንገድ በተለወጠ ቍጥርም የመጋዘኑ ሕግ ከነልማዱ እንደገና መመርመር ይኖርበታል። የካርል ቦሽ ሕይወት የሚመክረን ይህንኑ ነው። እርሱ ሃይድሮጂን ብረትን እንዴት እንደሚበላ በማይክሮስኮፕ ሥር አየ፤ ከፋብሪካው በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ የቆመውን ክምር ግን እንዲሁ የመረመረው አልነበረም። ከአምስት መቶ የሚበልጡ የኦፓው ሰዎችም በዚያ ጠዋት ከቤታቸው የወጡት እንደ ዘወትሩ ወደ ሥራ ነበር።